ቀበሮ ውሻን ያከመ ጊዜ

ድሮ፣ እንስሳት ቋንቋቸውን ከሰው ሳይደብቁ በፊት፣ ስሙ ከሰው አፍ በጠፋ አንድ አገር፣ ደብሪቱ የምትባል ባልቴት ነበረች። ልጆቿ በየትዳራቸው ወጥተው ከእሷ ጋር የቀሩት ዘጠኝ በጎችና አንድ ውሻ ብቻ ናቸው። ውሻው አይከዳኝ ይባላል። ጅብ ደጇን ሳይደፍር፣ ነብር በጎቿን ሳይነካ ስድስት ክረምት ያለፈው በእሱ ነው። እሷም ብትሆን ለእሱ ሳትቆርስ አትጎርስም።

አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ ሰርግ ተደገሰ። አይከዳኝ ሽታውን ተከትሎ ሄደና ጮማ ሲጥሉለት ጮማ፣ አንጀት ሲጥሉለት አንጀት፣ አጥንት ሲጥሉለት አጥንት፣ ሳያኝክ ሲውጥ ዋለ። ሲመለስ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። በማግስቱ ያስመልሰው ጀመር፤ ተቅማጥም ተጨመረበት። ደጃፉ ላይ ተዘርግቶ ጅራቱን ማንሳት እንኳ አቃተው።

ደብሪቱ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ "ምን ላድርግህ የኔ ልጅ?" እያለች ስትጨነቅ ቀበሮ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። አንገቱ ላይ የደረቀ ሥር አንጠልጥሏል።

"እሜቴ ደብሪቱ፣ እንደምን አደሩ? በሽተኛ እንዳለ ሰምቼ ነው የመጣሁት። ሐኪም ነኝ።"

"ይግቡ አባ ቀበሮ" አለችው። የጨነቀው ሰው ማንን እንደሚያስገባ መች ያያል?

ቀበሮም የውሻውን ሆድ ዳበሰ፣ ጆሮውን አሸተተ፣ ራሱን ነቀነቀ። "ሆዱ የሚጮኸው ባዶ ቢሆን ነው" አለ። "ባዶ ቤት ነው የሚያስተጋባው። የበግ ላት ያምጡልኝ። ግን መድኃኒቱን አስቀድሜ መሞከር አለብኝ፤ ሐኪም ሲቀምስ በሽተኛ ይድናል።"

ደብሪቱ፣ ውሻው ከሞተ ዘጠኙም በጎች ለጅብ ናቸው ብላ አንዱን አሳረደች። ቀበሮ ላቱን ይዞ ከቤቱ ጓሮ ዞረ። ሲመለስ ጢሙ ወዝቷል። ከላቱ የቀረችውን የጣት ጫፍ ታህል ስብ የውሻው አፍ ላይ ቀባና "ነገ እመለሳለሁ" ብሎ ሄደ። አይከዳኝም ያቺኑ አስመለሳት።

በማግስቱ መጣ። "መድኃኒቱና በሽታው ትግል ይዘዋል" አለ። "ዛሬ ኩላሊት ነው የሚያስፈልገው። ሐኪም ሲቀምስ በሽተኛ ይድናል።" ሁለተኛው በግ ታረደ፤ ውሻው ባሰበት።

በሦስተኛው ቀን መጣ። "አሁን ፍሪንባ ብቻ ነው የቀረን" አለ። "ሐኪም ሲቀምስ በሽተኛ ይድናል።" ሦስተኛው በግ ታረደ። የውሻው የጎን አጥንት ተቆጠረ፤ የቀበሮው ሆድ መሬት ሊነካ ደረሰ።

ቀበሮ ከሄደ በኋላ አይከዳኝ በደከመ ድምፅ፣ "እማማ፣ ከእንግዲህ ምንም አትስጪኝ። ነገ ማለዳ ልውጣ" አላት።

"ወዴት?"

"የታመመ ወደሚሄድበት።"

ጎህ ሲቀድ እየተንገዳገደ ወጣ። ደብሪቱም ልቧ አላስችል ብሏት ምርኩዟን ይዛ ከኋላ ከኋላ ተከተለችው። ዳገቱን ወጣ፣ ጫካውን ሰነጠቀ፣ በሁለት ገደል መካከል ሾልኮ ገባ። እሷም ገባች። ከዚያ ተራራ ሥር ተወልዳ አርጅታለች፤ እንዲህ ያለ ቦታ ግን አይታም ሰምታም አታውቅም።

ምንጭ የሚፈልቅበት ሜዳ ነው፤ ዙሪያውን ሰርዶ ለብሷል። ነብር ዓይኑን ጨፍኖ ሰርዶ ያኝካል። ከእሱ አንድ ክንድ ርቆ ድኩላ ያንኑ ሰርዶ ይግጣል። ጦጣ ልጇን አዝላ የገደሉን ነጭ አፈር ትልሳለች። ጅብ ከምንጩ ዳር አጎንብሶ ጥቂት ይጠጣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ጥቂት ይጠጣል። የሚያጉረመርም የለም። የሚሸሽም የለም። ከውሃው በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም። ደብሪቱ ቤተ ክርስቲያን እንደምትገባ ሁሉ ጫማዋን አውልቃ ቆመች።

አይከዳኝ ከሰርዶው ጫፍ ጫፉን ቀነጠሰ። ጥቂት ቆይቶ ሆዱ ተሸመቀቀ፤ ጣት የሚያህል የአጥንት ስባሪ ተፋ። ሦስት ጊዜ ውሃ ላሰና ተኛ። አተነፋፈሱ ረጋ አለ።

ደብሪቱ አጠገቡ ተቀምጣ፣ "ማን አስተማረህ?" አለችው በሹክሹክታ።

"ማንም። ሆዴ ሲነግረኝ ነበር፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።"

ይህን ሲነጋገሩ ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ። ቀበሮ ሆዱን እየጎተተ መጣ። የሦስት ቀን ስብ ተነስቶበት ዓይኑ ጭጋግ ለብሷል፤ ደብሪቱንም አላያትም። ሰርዶውን እንዳኘከ ሆዱ ገለበጠውና የላቱን ቁራጭ፣ የኩላሊቱን ቅሪት፣ የፍሪንባውን ጅማት እግሯ ሥር ዘረገፈው።

ደብሪቱ የተዘረገፈውን አየች፤ ቀበሮውን አየች። "አባ ቀበሮ፣ የውሻዬ መድኃኒት እርስዎ ሆድ ውስጥ ምን ይሠራል?"

"ሐኪም ሲቀምስ…" ብሎ ጀመረ። ነብሩ፣ ድኩላው፣ ጦጣዋ፣ ጅቡ፣ ሁሉም ዘወር ብለው ያዩታል።

ደብሪቱ ምርኩዟን አነሳች። ከዚያ ነብሩን ከድኩላው ጎን አየችና እጇ ዝቅ አለ። "ነብር ጥርሱን በማያሳይበት ቦታ እኔ ማን ሆኜ ዱላ አነሳለሁ? ጠጣና ዳን። ደጄን ግን እንዳትረግጥ" አለችው። ቀበሮ ከጠጣ በኋላ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ሸጉጦ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ መንደር ሐኪም ነኝ ያለ ቀበሮ የለም።

አይከዳኝ ቤቱ ገባ። ያን ቀን ውሃ ብቻ፣ ያውም ጥቂት በጥቂት ሰጠችው። በማግስቱ ጨውም ቅቤም የሌለው ቀጭን የገብስ ሙቅ አቀመሰችው። በአራተኛው ቀን ጅብ ወደ በረቱ ሲቀርብ የውሻው ጩኸት ተራራውን አናወጠው፤ ስድስቱም በጎች በሰላም አደሩ።

ጎረቤቶቿ "በምን መድኃኒት ዳነ?" ሲሏት "አፉን ዘግቶ" ትላቸው ነበር። የዚያን ቦታ መንገድ ግን እስክትሞት ለማንም አልተናገረችም። እነሆ እኛም አናውቀውም። ያወረሰችን ይህችን ቃል ነው፦

ጾም ያከመው ይሽርለታል፣ ሆዳም ያከመው ይብስበታል።