ቃል የሚያለዝበው አስተርጓሚ

አንድ አስተርጓሚ ነበረ። ቁጭ በይና ስሚኝ፤ ለጠየቅሽኝ ነገር መልሴ የእሱ ታሪክ ነው።

መጀመሪያ ግን ጥያቄሽን እኔው ልድገመው፣ በትክክል መስማቴን እንድታውቂ። ነዳጅ በሚቆፈርበት አገር በኩባንያውና በነዋሪው መካከል እንድትቆሚ ተቀጥረሻል። ስምንት ወር ሆኖሻል። በስምንት ወር ውስጥ አንድም ቅሬታ ወደ ቢሮሽ አልመጣም። አለቆችሽም አመስግነውሻል። «ታዲያ መምህር፣ ቅሬታ ከሌለ ችግር የለም ማለት አይደለም ወይ? እኔስ ምን ሆኜ ነው መቀመጫ ያጣሁት?» አልሽኝ። ይኸው ነው አይደል? እንግዲያው አድምጪ።

ይህ ሰው የቆላ ልጅ ነው፤ የግመልና የፍየል አርቢዎች ልጅ። አባቱ ከተማ ልኮ አስተማረው። ተምሮ ሲመለስ፣ በዚያ ሜዳ ላይ የአርቢዎቹንም የመጤዎቹንም ቋንቋ የሚያውቅ እሱ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን መኪኖች አቧራ እያስነሱ መጡ። ዶዘር ተከተለ። ከዛፍ ሁሉ የሚረዝም የብረት ማማ ቆመ። ከመሬቱ በታች ነዳጅ አለ ተባለ።

የቁፋሮው አለቃ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። አስተርጓሚውም ክፉ አልነበረም። ይህን ያዢልኝ፣ ኋላ የምትፈርጂበት ሰው ስትፈልጊ እንዳትቸገሪ።

አለቃው ሽማግሌዎቹን ግራር ሥር ሰበሰበና አስተርጓሚውን መሃል አቆመው። ከሽማግሌዎቹ መካከል ሮብሌ የሚባሉ፣ ቃላቸው የሚደመጥ ሰው ተነሡ።

«ነዳጅ ሲወጣ ቆሻሻ ውሃ አብሮ ይወጣል ሲሉ ሰምተናል» አሉ። «ወዴት ልትደፉት ነው? እኛ የምንጠጣው ከዚህ ከደረቁ ወንዝ፣ አሸዋውን ቆፍረን ነው። እሱ ከተበላሸ ሌላ መሄጃ የለንም።»

አስተርጓሚው ወደ አለቃው ዞረ። «ስለ ውሃው ትንሽ ማወቅ ይፈልጋሉ» አለ።

አለቃው እንዲህ ሲል መለሰ። «ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ እንሠራለን። ላስቲኩ ሁለት ዓመት ቢቆይ ነው። ከባድ ዝናብ ከመጣም ሞልቶ ሊፈስ ይችላል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጠርገን እናነሳዋለን ብለን እናስባለን። እንዲህ ብለህ በግልጽ ንገራቸው።»

አስተርጓሚው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ምንም አይነካችሁም ብሏል» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያም አንድ በአንድ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አተሙ።

ለምን እንዲህ አደረገ ትይኝ ይሆናል። ጉቦ በልቶ አይደለም። ሰው ሲቆጣ ማየት አይሆንለትም ነበር። ልጅ ሳለ አባቱና አጎቱ በግጦሽ ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ አይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ከፍ ያለ ድምፅ በሰማ ቁጥር ለማብረድ ይሮጣል። ስለዚህ ስለታም ቃል እጁ ሲገባ፣ ስለቱን ሳያዶለድም ወደ ማዶ አያሳልፈውም። ይህንንም እንደ ውሸት አልቆጠረውም። «እኔ ባልኖር እነዚህ ሰዎች ይጨራረሱ ነበር» ይል ነበር ለራሱ።

የካምፑ መኪኖች መንደሩን በአቧራ ሲያለብሱት እናቶች መጥተው፣ «ልጆቻችን ሌት ተቀን ያስላሉ፤ ሌላ መንገድ ካልሠራችሁ ይህንን በድንጋይ እንዘጋዋለን» አሉ። እሱ ለአለቃው፣ «መኪኖቹ ትንሽ ቀስ ቢሉ ደስ ይላቸዋል» አለ። አለቃው፣ «ቀስ ማለት አንችልም፤ የሥራው ቀን አልቆብናል» ሲል፣ እሱ ለእናቶቹ፣ «ይታሰብበታል ብሏል» አለ። እናቶቹ ሊያስቡበት ነው ብለው ሄዱ። አለቃውም ነገሩ ቀላል መስሎት ረሳው።

ሁለቱም ወገን ወደዱት። በመንደሩ ወተት ሲታለብ የመጀመሪያው ለእሱ ይቀዳል። ከዋናው ከተማ እንግዶች በመጡ ቁጥር አለቃው ትከሻውን መታ እያደረገ፣ «ከሥራ ቦታዎቻችን ሁሉ ጸጥ ያለው የእኛ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ሰው ነው» ይላል።

ግን ያ ሰው መቀመጥ አቃተው። ከካምፕ መንደር፣ ከመንደር ካምፕ፣ ማንም ሳይጠራው ይመላለሳል። ሰዎች ሁለት ሆነው ሲያወሩ ካየ ምን እያሉ ነው ብሎ ይጠጋል። አለቃውና አንድ የመንደር ሰው በእጅ ምልክት ሊግባቡ ሲሞክሩ ካየማ ሮጦ ይገባል። ያለ እሱ ተግባብተው እንደ ሆነ ምን ይወጣል? አንድ ቀን ሚስቱ ምግብ አቅርባለት ቆሞ ሲጎርስ አየችው።

«ካምፕ ትስቃለህ፣ መንደር ትስቃለህ» አለችው። «እዚህ ስትገባ ግን የሚያባርርህ ያለ ይመስላል። ምን ሆነሃል?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» አላት። ለእሷም አለዘበላት።

ሁለት ዓመት ሞላ። ኩሬው አልተነሣም። ለምን መሰለሽ? ኩባንያው ሌላም ሌላም ቦታ ይቆፍር ነበር። በሌሎቹ ቦታዎች ሰው ይጮኻል፣ መንገድ ይዘጋል፣ አቤቱታ ይጽፋል፤ ኩሬ የሚጠርጉት ማሽኖችም ጩኸት ወዳለበት ቀድመው ይሄዳሉ። እዚህ ጸጥታ ነበርና ተራቸው ወደ ኋላ ተገፋ፤ እንደገናም ተገፋ። አለቃውም ቢሆን ወደ ታች ወርዶ ሰዉ የሚጠጣውን ውሃ በዓይኑ ያየበት ቀን አልነበረም። ጸጥ ካለ ምን ብሎ ይወርዳል?

በሦስተኛው ዓመት ለዚያ አገር ያልተለመደ ዝናብ ጣለ። ኩሬው ሞላ፣ አንደኛው ጠርዝ ተናደ፣ ቆሻሻው ቁልቁል ወንዙን ይዞ አሸዋው ውስጥ ሰረገ። የካምፑ ሠራተኞች ጠርዙን መልሰው ደለደሉ። ወዴት እንደ ፈሰሰ የጠየቀ አልነበረም።

ከወንዙ ታችኛ ጫፍ አርዶ የሚባሉ ባል የሞተባቸው አሮጊት ይኖሩ ነበር። ሃያ ፍየልና አንዲት የልጅ ልጅ ነበሯቸው። ዝናቡ በጣለ በሳምንቱ፣ ያረገዙት ፍየሎች መጨንገፍ ጀመሩ። ውሃው ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ያዘ፤ ሸተተ። አርዶ አስተርጓሚውን አስጠርተው፣ «ውሃው ተበላሽቷል። ከእነሱ ዘንድ የመጣ ነው። ይህንኑ ንገርልኝ» አሉት።

እሱም ሄዶ ለአለቃው፣ «የአንዲት እናት ፍየሎች ታመዋል፤ ቢረዷት» አለ። አለቃው አዘነና በማግስቱ የከብት ሐኪም ላከ። ሐኪሙ ፍየሎቹን መርፌ ወጋና ሄደ። አርዶ ይህን ሲያዩ፣ «እንግዲያው የውሃው ነገር አይደለም፤ በሽታ ነው ማለት ነው፤ እነሱ የተማሩ ናቸው» አሉ። ከዚያው ጉድጓድ መጠጣታቸውንም ቀጠሉ። የልጅ ልጃቸውንም አጠጡ።

ይኸውልሽ፤ አለቃውም ረዳሁ አለ፣ አሮጊቷም መልስ አገኘሁ አሉ። ልጅቷ ግን ቆዳዋ ይላላጥ ጀመር፣ ሆዷም አልረጋ አለ። አርዶም ነገሩ ከውሃው መሆኑን ያን ጊዜ ተረዱ።

ያን ሰሞን ከዋናው ከተማ እንግዶች መጡ። ኩባንያው ቁፋሮውን ሊያሰፋ ፈልጎ፣ ሰዉ መስማማቱን ሊሰሙ ነው። እንደ ልማዱ ግራር ሥር ስብሰባ ተጠራ። ሽማግሌዎቹ ገና ሳይናገሩ አርዶ ልጅቷን አዝለው መሃል ገቡ።

«አንተ ሰውዬ» አሉት አለቃውን፣ «ውሃችንን ገደልህ። ፍየሎቼ የሞተ ወለዱ። ይህችን ልጅ እያት፤ ትናንት ደም አስመልሷታል። ውሃው ሸተተ ብዬ ብልክልህ መርፌ ላክህልኝ። ውሃ በመርፌ ሲድን የት አይተሃል? ምንም አይነካችሁም ብለኸን ነበር። ወይ ውሸታም ነህ፣ ወይ እብድ ነህ። ካሁን በኋላ መንገዱ ላይ እተኛለሁ፤ መኪናህ በላዬ ይለፍ።»

አስተርጓሚው ወደ አለቃው ዞረ። የሚለው ነገር እንደ ወትሮው አፉ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። «እናታችን ስለ ሐኪሙ ያመሰግናሉ፤ ልጅቷም ብትታይላቸው ይላሉ» አለ።

አለቃውም በደግነት ፈገግ ብሎ አንገቱን ነቀነቀላቸው።

አርዶ ያን ፈገግታ አዩ። ቋንቋውን አያውቁትም፤ የሰው ፊት ግን ያውቃሉ። ቀስ ብለው ወደ አስተርጓሚው ዞሩ።

«ምን ብለኸው ነው የሳቀው?» አሉት። «ልጄ፣ እኔ አሁን የተናገርሁት ሰው የሚያስቅ ነገር ነው?»

ያ ሰው ልጅቷን አየ። ልጅቷ አያቷ ጀርባ ላይ ሆና ክንዷን ታክ ነበር፤ ስታክ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነበር በዚያ ሁሉ ሰው መካከል። ከዚያ ወደ አለቃው ዞረና እያንዳንዱን ቃል፣ ውሃችንን ገደልህ የሚለውን፣ እብድ የሚለውን፣ መኪናህ በላዬ ይለፍ የሚለውን፣ አንድ ሳያጎድል ተናገረ። የአለቃው ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

አስተርጓሚው በዚያ አላበቃም። ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ምንም አይነካችሁም ያልኋችሁ እኔ ነኝ» አለ። «ይህ ሰው ያለው፣ የኩሬው ላስቲክ ቢቆይ ሁለት ዓመት ነው። ዝናብ ከመጣ ይፈሳል ብሏል። በግልጽ ንገራቸው ብሎኝ ነበር። የውሃውንም ነገር የደበቅሁት እኔ ነኝ፤ ፍየል ታመመ ብቻ ነው ያልሁት።» ይህንኑ መልሶ በአለቃው ቋንቋ ተናገረ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለው አለቃው።

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ሰዎች ዱላቸውን አንሥተው ተነሡ። አንዱ ክንዱን ሲመታው አልሸሸም። በዱላዎቹ መካከል የገቡት አርዶ ነበሩ።

«ተዉት» አሉ። «ገና ዛሬ አፉን መፍታቱ ነው።»

ከእንግዶቹ አንዱ ወረቀት ገልጦ፣ «ጥናታችን ውሃው ንጹሕ ነው ይላል» አለ። አስተርጓሚው እንዳለ ተረጎመው። ሮብሌም፣ «ጥናታችሁ መቼ መጥቶ ጠጣው?» አሉ። ይህም እንዳለ ተተረጎመ። አለቃው ተነሥቶ፣ «ጉድጓዱ የት ነው?» አለ፤ ሁሉም ተከትለው በፀሐይ ወንዙን ወረዱ። ጠርዙ ላይ ተንበርክኮ በእፍኙ ጨለፈ፣ አሸተተ፣ ደፋው።

ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ልጅቷን በኩባንያው መኪና ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ ዳነች፣ ክንዷ ላይ ግን ጠባሳው ቀረ። ከሃያ ፍየል ሦስት ተረፈ። ከሁለት ቀን በኋላ የውሃ ቦቴ መጣ። ኩሬውን ጠርጎ ለማንሣት አራት ወር ፈጀ፤ ከላይ በኩል አዲስ ጉድጓድ ተቆፈረ። የታችኛው ግን አልዳነም፤ ከብት እንዳይደርስበት በድንጋይ ደፈኑት። ነዳጁም መውጣቱን አላቆመም።

አስተርጓሚውን ሁለቱም ወገን አሰናበቱት። በእሱ ፈንታ ሕዝቡ አንድ መረጠ፣ ኩባንያው አንድ መረጠ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ትርጉም ይሰማል፣ ሲያጎድል ያርመዋል። ከዚያ ወዲህ ስብሰባው ጩኸት ሆነ። በየወሩ ይሰደባሉ፣ ይከራከራሉ፣ አንዳንዴም ረግጠው ይወጣሉ። ሲወጡ ግን እያንዳንዱ ሌላው ያለውን ሰምቶ ነው። የቀድሞው አስተርጓሚ የአባቱን ግመሎች ይዞ ግጦሽ ተከትሎ ሄደ። የሚያናግረው አለ፣ የማያናግረው አለ።

እንግዲህ ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የሌላ ሰው በሽታ የሚደብቅስ ምን ይባል? ያ ሰው አንቺ ነሽ፤ እንደ እሱ መካከል ቆመሽ ስለ ጸጥታው ትመሰገኛለሽ። አልተቆጣሁሽም፣ ዐይኔን እይኝ። ቅሬታ የሌለበት ቦታ ሰላም ያለበት ሊሆን ይችላል። ሰዉ ማን ይሰማናል ብሎ የተወበትም ሊሆን ይችላል። መካከል የቆመ ሰው ቃሉን የዋጠበትም ሊሆን ይችላል። ከቢሮሽ ወንበር ላይ ሆነሽ ሦስቱን መለየት አትችይም፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ጸጥታ ነው ያላቸው። መቀመጫ ያሳጣሽ ይኸው ነው፤ ስለዚህ አትቀመጪ። ከወንዙ ታችኛ ጫፍ ወዳለው ቤት ውረጂ። ሲሰድቡሽ ስድቡን እንዳለ ተሸክመሽ ለአለቆችሽ አድርሺ፤ አለቆችሽ እምቢ ሲሉም እምቢታውን እንዳለ ለእነሱ መልሺ። ያን ጊዜ ማንም አያመሰግንሽም።

ደግሞ አንድ ነገር ልበልሽ፣ ከመነሣትሽ በፊት። ይህን ጥያቄ ይዘሽ ይህን ሁሉ መንገድ እኔ ዘንድ መጣሽ። እኔ እዚያ አገር አልኖርም፤ ከዚያ ውሃም አልጠጣም። እነሱን ጠይቀሻቸዋል?