የሐዋ ጎድን

ወደ አፋር ቆላ በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ ጎድን ሜዳ በሚባለው ስፍራ፣ በሁለት ማሳዎች ድንበር ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቆልማማ አጥንት ተተክሎ ይታያል። ጫፉ ላይ በተበሳው ቀዳዳ ውስጥ ገመድ ጠፍቶ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ታሪኩን የሚጀምሩት መቀመጥ ከማይሆንላት ሴት ነው።

ሐዋ ትባላለች፤ ከቀይ ባሕር ዳርቻ የመጣች የዓሣ አጥማጅ ልጅ። እንደሚነገረው ነጋዴው ባሏ በግመል ሲያመጣት ከአባቷ ቤት ይዛ የወጣችው፣ አባቷ ጫፉን በስቶ መጎተቻ ገመድ ያስገባበት አንድ የዓሣ ነባሪ ጎድን ብቻ ነበር። ባሏ ሞቶ በሰው አገር ብቻዋን ስትቀር ጎድኑን የጎጆዋ ተሸካሚ አደረገችው። ቤት የሚያህል ዓሣ አለ ብትል ማን ይመናት! ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብድግ ስትል፣ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ቁልቁለቱን ስታይ ትውላለች፤ በጋ ሲገባ ጎድኗን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ልትመለስ ቆርጣ ነበር።

በዚያ ክረምት ጎርፍ መጣና ጎጆዋን ጠራርጎ ወሰደው። እሷ ከጎርፉ የተረፈላትን የጎድኑን ገመድ ይዛ ወንዝ ለወንዝ ስትባዝን፣ ጎድኑ የሁለት ሽማግሌዎች፣ የደምለውና የወንድይራድ፣ ወገኖች ለዘመናት ሲካሰሱበት በኖሩት ማሳ ደለል ውስጥ ተገኘ። ርስት የሚገኘው አባት ተቆጥሮ ነውና፣ ሁለቱም አገሩን ያቀናው አባታችን ግዙፍ ነበር ሲሉ ኖረዋል፤ አሁን አጥንቱ ወጣላቸው! የደምለው ልጆች «አባታችን!» ብለው ቢያለቅሱ የወንድይራድ ልጆች ከነሱ ብሰው ጮኹ። አጥንቱ ታጥቦ በነጭ ሸማ ተገነዘ፤ ለአንድ ሬሳ ሁለት ለቅሶ ተቀመጡ። ቀዳዳውን ሲያዩማ የጦር ቁስል ነው አሉት፤ ሁለቱም «ገዳዮቹ እነሱ ናቸው» ብለው ደም ሊመልሱ ጦር አነሡ።

ሐዋ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው ይባላል። ከሸማው ያፈተለከውን ጫፍ ስታይ አወቀችው። ዝም ብትል ሰው ሊያልቅ ነው፤ ብትናገር የሰው አባት አዋርዳ በማን መሬት ልትኖር? ፈራች፣ ግን መሐል ገባች።

«አያ ደምለው፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ይኼ የጎጆዬ ተሸካሚ ነው።»

«አንቺ ሴት፣ አባቴን ነው እንዲህ የምትዪው?»

ሸማውን ገለጠችና የያዘችውን ገመድ አባቷ በበሳው ቀዳዳ አሾልካ ሳበችው። ገመዱ ለዓመታት ፈትጎ በሠራው ስርጉድ ውስጥ ልክ ገብቶ ተቀመጠ። ለቅሶው ቀጥ አለ።

ደምለው ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ «ታዲያ ይኼ ምን ያደርጋል?» አላት።

«በእኛ አገር ቤት ይሸከማል፤ ጀልባ ወደ የብስ ሲጎተት ከሥር ይነጠፍለታል፤ ስባሪው መርፌና ማበጠሪያ ይሆናል። አባት ሆኖ ግን አይቼ አላውቅም።»

ወንድይራድ ጦሩን እንደጨበጠ ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ ሌላውን ማን ይያዘው! ሳቁ ሲበርድ ግን ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎንበስ ብለው ለመኗት፤ ልጆቻቸው ባዩት ቁጥር በጠባቸው እንዲያፍሩ ጎድኑ በማሳው መሐል ድንበር ሆኖ ይቆይ አሉ። ሐዋ አቅፋው አለቀሰች። «አደራ ነው፤ እመለስበታለሁ» አለቻቸውና በጋው ሲገባ ገመዷን ብቻ ይዛ ቁልቁለቱን ወረደች። ባሕሩ ጋ ትድረስ አትድረስ የሚያውቅ የለም።

ዛሬም በየመስከረሙ ሁለቱ ወገኖች ከየቤታቸው ቃጫ አምጥተው አንድ ገመድ አብረው ይገምዱና በአሮጌው ፈንታ ያስገባሉ። ምነው ሲሏቸው፣ «ባለቤቷ ስትመጣ መጎተቻ እንዳታጣ» ይላሉ።