ጅረት እስኪለቀቅ

ተረት ተረት፣ የጅረት! ጅረት ስላችሁ ውሃ እንዳይመስላችሁ፤ ሶፍትዌር ነው። ወንዝ ዳር ከተተከለ መለኪያ የውሃውን ከፍታ በቁጥር እየተቀበለ፣ ሳያቋርጥ ወደ መንደሩ ሰው ስልክ የሚያፈስ፤ ወንዙ ሲሞላ "ሽሹ" የሚል። ለሙከራ ሲሠራ ከርሟል፤ አንዳንዴ ይፈስሳል፣ አንዳንዴ ቀጥ ይላል። የሠራችው ይርገዱ ናት። ለፍታ ለፍታ አስተካከለችው፤ የቀራት አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ሆነች፦ "የመጀመሪያው የተረጋጋ የጅረት ስሪት ተለቀቀ" ብላ ማስታወቅ።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደች።

"ጋሽ ሽመክት፣ ማስታወቂያውን ይልቀቁልኝ።"

"ሐያት ፈትሻ ደህና ነው ሳትል? አልለቅም።"

ወደ ፈታሿ ሄደች።

"ሐያትዬ፣ ጅረትን ፈትሺልኝ፤ ጋሽ ሽመክት ማስታወቂያውን እንዲለቁ።"

"ምኑን ልፈትሽ እቴ? ከወንዙ ቁጥር መምጣት ካቆመ ሰነበተ። መጀመሪያ ገደፋው ቁጥሩን ያምጣ።"

ወደ መለኪያ ተካዩ ሄደች።

"ገደፋው፣ ቁጥሩን አምጣልኝ፤ ሐያት ጅረትን እንድትፈትሽ፤ ጋሽ ሽመክት ማስታወቂያውን እንዲለቁ።"

"እኔ ምን ላድርግ? መለኪያው ያለው አያ ደርብ ማሳ ዳር ነው። ያጠፉት እሳቸው ናቸው። ብደውል ብደውል አያነሱም።"

ይርገዱ መኪና ይዛ ወረደች። አያ ደርብ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"አያ ደርብ፣ መለኪያውን ያብሩልኝ፤ ገደፋው ቁጥሩን እንዲያመጣ፤ ሐያት ጅረትን እንድትፈትሽ፤ ጋሽ ሽመክት ማስታወቂያውን እንዲለቁ።"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩአት። "ለዘነቡ ለቅሶ ሳትደርሱ አላበራም።"

"ዘነቡ ማን ናቸው?"

"ሚስቴ። አምና ክረምት ጥጃ ልትፈታ ወርዳ ውሃ ወሰዳት። መለኪያችሁ ሙላቱን አይቷል አሉ፤ ስልኬ ግን ዝም አለ። ጎረቤት መጣ፣ ዕድርተኛው መጣ፣ የማላውቀው መንገደኛ ሳይቀር መጣ። ከእናንተ ቤት 'እግዜር ያጽናህ' ያለኝ አንድ ሰው የለም።"

ይርገዱ ያን ቀን ታስታውሰዋለች። ጅረት ቀጥ ብሎ ነበር። አስነሥታው፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ቤቷ ሄደች። "ሽሹ" የሚለው ቃል ማን ቤት ሳይደርስ እንደቀረ አልጠየቀችም። ዛሬም "ማን ናቸው?" አለች። ምላሷን በቆረጠው! አፍራ መሬት መሬት እያየች ስልኳን አወጣች።

"ጋሽ ሽመክት፣ ለቅሶ አለብን። ለቅሶ ካልደረስን አያ ደርብ መለኪያውን አያበሩም፤ መለኪያው ካልበራ ገደፋው ቁጥሩን አያመጣም፤ ቁጥሩ ካልመጣ ሐያት ጅረትን አትፈትሽም፤ ሐያት ካልፈተሸች እርስዎ ማስታወቂያውን አይለቁም።" ከዚያ የወይዘሮ ዘነቡን ነገር ነገረቻቸው።

ጋሽ ሽመክት፣ "አምና ነበር እኮ የሚደረሰው" አሉ።

"አዎ። አምና ነበር።"

በማግስቱ ሁሉም መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከደጁ ጀምረው አለቀሱ። ሐያት ወይዘሮ ዘነቡን አይታቸው አታውቅም፤ ግን ከሁሉ በላይ ያነባችው እሷ ነበረች። አያ ደርብ ራሳቸው "ይብቃ፣ ይብቃ፣ ተቀመጡ" እስኪሉ ድረስ።

እንግዲህ ለቅሶ ሲደረስ አያ ደርብ መለኪያውን አበሩ፤ መለኪያው ሲበራ ገደፋው ቁጥሩን አመጣ፤ ቁጥሩ ሲመጣ ሐያት ጅረትን ፈተሸች፤ ሐያት ፈትሻ ደህና ነው ስትል ጋሽ ሽመክት ማስታወቂያውን ሊለቁ ተቀመጡ።

አነበቡትና ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ። "ይርገዱ፣ 'በታላቅ ደስታ እንገልጻለን' የሚለው የት ሄደ?"

"ወይዘሮ ዘነቡ ቢኖሩ ኖሮ እጽፈው ነበር።"

ጋሽ ሽመክት መልቀቂያውን ተጫኑ። ማስታወቂያውም እሷ እንደጻፈችው ወጣ፦ "የመጀመሪያው የተረጋጋ የጅረት ስሪት ዛሬ ተለቀቀ። መለቀቅ የነበረበት አምና ነበር።"