ሙሽራዋን ያስቆመው አበባ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ለማለት አትቸኩሉ፤ የዛሬው የመኪና ነው። ማስተዋል የምትባል ሙሽራ ነበረች። ፍላጎቷ አንድ ነው፦ የአባቷን ጉልበት ስማ መመረቅ። አባቷ አቶ ገብረየስ ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ከርመዋል። ዛሬ ግን «ልጄን ተኝቼ አልድርም» ብለው፣ ተደግፈው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከደከማቸው ይተኛሉ፤ ከተኙ ደግሞ ማን ይቀሰቅሳቸዋል?

ወደ አባቷ የሚወስዳት፣ በአበባ ያጌጠው መኪና አደባባዩ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ታምሩ ወንድሜ፣ ንዳው እንጂ» አለችው ሹፌሩን።

«ትራፊኳ አስቁማኝ የት ልሂድ?» አላት።

ትራፊኳ አትለቅ፣ ታምሩ አይነዳ፣ ማስተዋል ጉልበት አትስም።

«እህቴ፣ ልቀቂን፤ አባቴ እየጠበቀኝ ነው» አለቻት ትራፊኳን። ትራፊኳ ሳጅን ሽታዬ መብራቱ ላይ ወዳለው ካሜራ ጠቆመች። «እኔ ምን ከፋኝ? ይኸ ካሜራ ሰሌዳ እያነበበ ቀይ መብራት የጣሰውን ይለያል። እሱ ሳያነብ አልለቅም።»

ካሜራው አያነብ፣ ትራፊኳ አትለቅ፣ ታምሩ አይነዳ፣ ማስተዋል ጉልበት አትስም።

«ካሜራው፣ አንብብ» ቢሉት፣ «ሰሌዳው ተደብቆ ምኑን ላንብብ?» አለ። በተረት ካሜራም ያወራል፤ ዝም ብላችሁ ስሙ።

ሰሌዳው አይታይ፣ ካሜራው አያነብ፣ ትራፊኳ አትለቅ፣ ታምሩ አይነዳ፣ ማስተዋል ጉልበት አትስም።

«ሰሌዳው፣ ውጣ» ቢሉት፣ «አበባው ተኝቶብኝ እንዴት ልውጣ?» አለ።

አበባው አይነሳ፣ ሰሌዳው አይታይ፣ ካሜራው አያነብ፣ ትራፊኳ አትለቅ፣ ታምሩ አይነዳ፣ ማስተዋል ጉልበት አትስም።

«አበባው፣ ተነስ» ቢሉት፣ «እትዬ ዘርፌ በሪባን ጠፍረውኝ!» አለ። እትዬ ዘርፌ የአቶ ገብረየስ እህት ናቸው፤ ከኋላ ወንበር አኩርፈው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ይፍቱት» አለች ማስተዋል።

«አልፈታም። ካሜራ ማለት ዓይን አይደል? ያውም የማይጨፈን ዓይን። ሙሽራ ላይ አፍጥጦ እንትፍ እንትፍ እንኳ አይል። የወንድሜን ልጅ ለዓይን አልሰጥም።»

እትዬ አይፈቱ፣ አበባው አይነሳ፣ ሰሌዳው አይታይ፣ ካሜራው አያነብ፣ ትራፊኳ አትለቅ፣ ታምሩ አይነዳ፣ ማስተዋል ጉልበት አትስም።

ማስተዋል ኩሏ እስኪወርድ አለቀሰች። ሌላ ትራፊክ ቢሆን ይቆጣ ነበር። ሳጅን ሽታዬ ግን ኮፍያዋን አውልቃ በመስኮቱ ጎንበስ አለች። «እናቴ፣ ካሜራው እኮ ምራቅ የለውም፤ ስለሱ እኔ ልበል።» ወደ ሙሽራዋ ዞር ብላ፣ «እንትፍ፣ እንትፍ፣ ከዓይን ያውጣሽ» አለቻት።

«እንዲህ ከሆነማ» አሉ እትዬ ዘርፌ፣ ልባቸው ራሰና ወረዱ።

እትዬ ፈቱ፣ አበባው ተነሳ፣ ሰሌዳው ታየ፣ ካሜራው አነበበና ጥፋት አጣ፣ ትራፊኳ ለቀቀች፣ ታምሩ ነዳ፣ ማስተዋልም ደረሰች። ቬሎዋን ሰብስባ ተንበረከከችና የአባቷን ጉልበት ሳመች።

«ቆየሽ» አሏት።

«መንገድ ላይ አስቁመውኝ ነው፣ አባዬ።»

«እኔም እንቅልፌን አስቁሜው ነበር» አሉ አቶ ገብረየስ። «አሁን ይለፍ።» መረቋት፤ እጃቸው ራሷ ላይ እንዳለ ተኙ።

ተረቴ አለቀ፤ ዳቦው ለእናንተ፣ ምርቃቱ ለማስተዋል።