ፋሲካን ሊውል የቀረው በግ

ተረት ተረት! «የላም በረት» በሉኝ እንጂ! ዛሬስ በረቱ የላም አይደለም፤ የበግ ነው። ያውም የሞኝ በግ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ብቻቸውን በሚኖሩበት ዳገት ላይ አያ በጎ የሚባል በግ ነበር። ጸጉሩ ሙሉ፣ ላቱ ሰፊ፣ ጭንቅላቱ ግን ባዶ። ከወንዙ ማዶ ያለውን የሰው አገር ካላየሁ ብሎ ተነሣ። ጓደኛው እመት ፍየሊትም አብሬህ እሄዳለሁ አለችው። ያልተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ጊዜ እንቆይ በሚለው።

«አሁን የሰው አገር ሁዳዴ ገብቷል» አለች እመት ፍየሊት። «ሥጋ የሚባል ነገር በአፋቸው አይዞርም። አገሩን እንይና ሆሳዕና ሳይደርስ ወንዙን ተሻግረን እንመለስ። ጾሙ ሲፈታ እዚያ መገኘት ለእኔና ለአንተ ደግ አይደለም።»

«ሆሳዕና ሳይደርስ?» አለ አያ በጎ በአፍንጫው እየሳቀ። «ይኼማ ምኑ ጉዞ ነው? ውሃ ጠጥቶ መመለስ ነው! ፈረስን አላየሽውም? እዚያ አንድ ክረምት ከርሞ መጣና ይኸው ዛሬ ሲያስነጥስ እንኳ በባዕድ አገር ቋንቋ ነው። እኔ ከሱ በምን አንሼ? እስካከበሩኝ ድረስ እቆያለሁ።»

«ለምን እንደሚያከብሩህ ካወቅህ ቆይ» አለችው።

ወንዙን ተሻገሩ። ባላምባራስ አንለይ ከሚባሉ ባለጸጋ ደጅ ደረሱ። ባላምባራስ ወጥተው፣ «ቤት ለእንግዳ! ግቡ፣ ግቡ!» አሉ። አያ በጎን ከጀርባው እስከ ላቱ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። «እሰይ!» አሉ። ፍየሊትንም ዳሰሱ፤ «እሰይ» ግን አላሉም።

«አየሽ?» አለ አያ በጎ። «ሰው ያውቃሉ!»

«እኔ አጥንቴ አተረፈኝ» አለች ፍየሊት።

ሚስትየዋ ወይዘሮ ሽታዬ ለአያ በጎ ገብስ አቀረቡለት። እነሱ ሽሮና ጎመን፣ ጎመንና ሽሮ ይበላሉ። አያ በጎ ይህን እያየ ናቃቸው። «እነዚህ ሰዎች እንደኛው ቅጠል በል ናቸው» አለ። «ከነዚህ ነው የምታስፈራሪኝ?»

«ጾም ነው፣ አያ በጎ። ጾም ይፈታል» አለች ፍየሊት። ማን ይስማት!

ሆሳዕና ቀረበ። ፍየሊት ተነሣች። አያ በጎም ለወጉ ያህል፣ «እንግዲህ ልሂድ» አለ።

«ምነው!» አሉ ባላምባራስ። «ገና መምጣትህ አይደል? እግርህ እንኳ ሳያርፍ!» ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። አያ በጎ ቀለጠ። ፍየሊትን «አንቺ ሂጂ፤ አንቺን ማን ለመነሽ?» አላት። ፍየሊት ወንዙን ተሻግራ አገሯ ገባች፤ ዛሬም ቅጠሏን ትቀነጥባለች።

ወይዘሮ ሽታዬ ትልቁን ድስት ከጓዳ አውጥተው አጠቡት። ድስቱ ደጅ ተደፍቶ ሲደርቅ፣ «አያ በጎ» ብሎ ተጣራ። «እኔ ከጓዳ የምወጣው ወይ ለሠርግ ነው ወይ ለበዓል። በዚህ ቤት ሙሽራ የለም። ሂድ።»

«ጥላሸታም!» አለው አያ በጎ። «ለእኔ ክብር ብለው ቢያወጡህ ኮራህ?» ይሁንና ገብቶ፣ «እንግዲህ ልሂድ» አለ።

«ምነው! ገበያችንን ሳታይ?» አሉ ባላምባራስ። ዳሰስ ዳሰስ። ገብሱም በእጥፍ ጨመረ። አገሩን ስለማያውቅ እንዳይጠፋብን ብለው አንገቱ ላይ ገመድ አሰሩለት። ጅሉ በግ ገመዱን እንደ ማተብ ቆጠረው። በደጅ ለሚያልፈው ሁሉ አንገቱን እያሰገገ አሳየ። አይ አያ በጎ!

መደቡ ላይ የተነጠፈው አጎዛ ይህን አይቶ አላስችለው አለ። «ወንድሜ፣ እኔን እየኝ» አለ። «እኔም ከዚያው ከዳገቱ የመጣሁ ነኝ። አምና ‹ፋሲካን ሳትውል?› ብለውኝ ነው የቀረሁት። ገመዱን በጥስና ሩጥ።»

«አንተማ ይኸው መደብ ላይ ተንጋለህ ትኖራለህ!» አለው አያ በጎ። «ራስህ ሳትመለስ እኔን ልትመልስ? ቅናት ነው!»

አጎዛው አልፈረደበትም። እሱም አምና መካሪውን ሰድቦ ነበር።

ስቅለት ሆነ። አያ በጎ እንደ ልማዱ፣ «እንግዲህ ልሂድ» አለ። ልቡ ግን «ምነው» እስኪባል ይጠብቅ ነበር።

«ምነው! ፋሲካን ሳትውል?» አሉ ባላምባራስ። «ያላንተማ ምን በዓል አለ?»

አያ በጎ ዕንባው መጣ። እንዲህ ያለ ክብር ፈረስስ አግኝቶ ያውቃል?

የፋሲካ ማለዳ፣ ዶሮ ሲጮኽ በሩ ተከፈተ። አያ በጎ ጸጉሩን አራግፎ ቆመ። «የት ያስቀምጡኝ ይሆን? ከባላምባራስ ቀኝ ነው ወይስ ከፊታቸው?» ሲል አሰበ። ገመዱን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱት። ጓሮው ውስጥ ወንበር የለም። ቅጠል ተነጥፏል። ትልቁ ድስት ተጥዷል። ባላምባራስ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል።

ያን ጊዜ ገባው።

«ልሂድ!» ብሎ ጮኸ። ከልቡ ሲለው የመጀመሪያው ነበር።

ባላምባራስ በዚህ ጊዜ «ምነው» አላሉትም። የመለሰለት በእጃቸው ያለው ቢላዋ ነው።

«እንኳን አደረሰህ!» አለው።

እናም ልጆች፣ አገር ልታዩ ስትወጡ የመመለሻችሁን ቀን ከቤታችሁ ወስናችሁ ውጡ። ባለቤቱ «በዓሉን ዋል» ሲላችሁም፣ ለመብላት ነው ወይስ ለመበላት ብላችሁ ጠይቁ። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ ጥብሱ ለባላምባራስ ይቅርላቸው።