በየሰዓቱ የሚመጣው ትእዛዝ

አቶ ሽብሩ የተባሉ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ "እያየኋችሁ ነው፤ በርትታችሁ ሥሩ!" የሚል ኢሜይል በየሰዓቱ በራሱ ለሠራተኛው እንዲላክ ፈለጉና የኮምፒውተር ባለሙያዋን ፕሮግራም አሠሯት። ወዲያው መልስ ያልሰጠ ማስጠንቀቂያ እንደሚጻፍበትም አስታወቁ።

ከማግስቱ ጀምሮ ከሁሉም ሠራተኛ "እሺ ጌታዬ" የሚል መልስ ይጎርፍላቸው ጀመር። አቶ ሽብሩ ደስ አላቸው። በሳምንቱ ግን ጡረታ ከወጡ ወር ያለፋቸው ጋሽ ዘነበም "እሺ ጌታዬ" ማለታቸውን አዩ። በንዴት ባለሙያዋን አስጠሯት።

"ማነው የሚቀልድብኝ? ካልተናገርሽ ትባረሪያለሽ!"

እሷም ረጋ ብላ፣ "ማንም አልቀለደም ጌታዬ። ለእርስዎ የሚያዝ ፕሮግራም ሠራሁልዎት፤ ለሠራተኞቹ ደግሞ የሚታዘዝ ሠራሁላቸው። ሁለቱ ሲነጋገሩ ይውላሉ፤ እኛም ሥራችንን እንሠራለን" አለቻቸው።