ጉልበቱን በሙጫ የደፈነው ጥንዚዛ

ድሮ ድሮ ነው ልጆች፣ የአገሩን ስም እንኳ ረስቼዋለሁ፤ ጽድ ብቻ በሚበቅልበት ጫካ ውስጥ አያ ነቁጤ የሚባል ጥንዚዛ ነበረ። ጀርባው ቀይ፣ በቀዩ ላይ አሥር ጥቁር ነጠብጣብ፤ ቁመናው ከምስር ፍሬ አይበልጥም። የሚኖረው የጽዱን ጭማቂ የሚመጠውን ክሽክሽ የተባለ ተባይ እየለቀመ ነው።

የእነሱ ዘር ሲደነግጥ ከጉልበቱ መራራ ቢጫ ውኃ ይፈሰዋል። ሌሎቹ ጉዳያቸውም አልነበረም። አያ ነቁጤ ግን ያፍርበታል፤ ደግሞ እሱ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ነው የሚደነግጠው።

ክረምቱ ሲወጣ ጥንዚዛዎች ከአሮጌው ጽድ ሥር ተሰብስበው የመፎከር ልማድ ነበራቸው። የዚያን ዓመት አያ ነቁጤ በማለዳ ተነሥቶ፣ ከግንዱ ሙጫ ቆርሶ፣ ስድስቱንም ጉልበቱን ድፍን አደረገ።

“ምን እየሠራህ ነው?” አለችው ሚስቱ እመት ቀይት።

“ወንድ ልጅ በጉባኤ ፊት አይፈሰውም።”

“በእኛ ዘር የማይፈሰው የሞተ ብቻ ነው” አለችው። እሱ ግን ጆሮ አልሰጣትም።

ተራው ሲደርስ መሐል ገባ። “ዘራፍ የጽዱ አንበሳ፣ ነጠብጣቤ ሁሉ የገደልኩት ወፍ ምልክት ነው” አለ።

“ሲገድል ያየ አለ?” አለ አንድ ጎረቤት።

“ማን ተርፎ ያያል” አለ አያ ነቁጤ።

ለካስ ወፊት ከላይ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ኖሯል። ቁልቁል ተወርውራ ለቀም አደረገችው። ጎበዙ ሁሉ ጉልበቱ እየፈሰሰ ተበተነ። እመት ቀይት ብቻ ቆማ፣ “ይፍሰስህ አያ ነቁጤ፣ ስለ ልጆችህ ብለህ ይፍሰስህ” እያለች ታለቅሳለች።

እሱም በወፊት አፍ ውስጥ ሆኖ እንዲፈሰው ጉልበቱን ለመነ፤ ሙጫው ግን ደርቋል። “ወይ እኔ ጅሉ፣ የመዳኛዬን በር በገዛ እጄ ዘጋሁት” አለ። ያኔ እውነተኛው ፍርሃት መጣ። ከራሱ እስከ እግሩ ተንዘፈዘፈ፤ በመንዘፍዘፉ ብዛት ሙጫው ስንጥቅጥቅ ብሎ ረገፈ፤ ቢጫው ውኃ ዱብ ዱብ አለ።

“እትፍ፣ ይሄማ ሬት ነው” አለች ወፊት፤ ተፋችው። በጀርባው መሬት ላይ ተዘረረ።

ጎረቤቶቹ ከየተሸሸጉበት ወጡ። “አያ ነቁጤ፣ በምን መታሃት?” አሉት።

መዋሸት ይችል ነበር። ቀና ሲል የሚስቱን ዓይን አየ፤ ሳቁ አመለጠው። “አልመታኋትም፣ ተንቀጠቀጥኩባት እንጂ። ነጠብጣቡም አብሮኝ የተወለደ ነው” አለ። ከዚያም እንዲህ ፎከረ፦

“ዘራፍ የፈሪ ልጅ ፈሪ፣
ቅጠል ኮሽ ሲል በራሪ፣
በድንጋጤው ነፍሱን አኗሪ።”

ጉባኤው እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም። ይኸው ከዚያ ወዲህ እንዲህ ይባላል፦ ፎካሪን አፉ ያስበላዋል፣ ፈሪን ፍርሃቱ ያስተፋዋል።